ስለ ካምፑ ብቻ አትጠይቋቸው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ከሆሎኮስት፣ ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ከፈጸሙት ጭፍጨፋ፣ የተረፉ አዛውንትን ያነጋገራችሁበትን ጽሑፍ አነበብኩ። ግሩም ነው። ግን ጥያቄዎቹ ሁሉ የሚጀምሩት ወደ ካምፑ ከወሰዳቸው ባቡር ነው። ከባቡሩ በፊትስ? ያኔ እኮ ቤት ነበራቸው፣ ቤቱ ውስጥም የተጣደ ድስት ነበር።

እኔ እዚህ እስራኤል አረጋውያንን እየተንከባከብኩ ነው የምተዳደረው። አሁን አብሬያቸው የምውለው እናት የተወለዱት ፖላንድ፣ ሎድዝ ከተማ ነው። በመጀመሪያው አርብ ጉድ ሠራኋቸው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ድስታቸው የተጣደበትን ፕላታ፣ የሰንበትን ምግብ ሲያሞቅ የሚያድረውን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አጠፋሁት። እኛ ቤተ እስራኤሎች ጎንደር ሳለን ሰንበት የሚገባው እሳት ጠፍቶ ነበር፤ ምግቡም ቀዝቅዞ ይበላል። እጄ የለመደውን አደረገ። በማግስቱ ቾለንታቸው በረዶ ሆኖ ቆየ። እኔ በድንጋጤ ክው ስል እሳቸው ሳቁና ወሬ ጀመሩ።

ቾለንት ባቄላ፣ ገብስ፣ ድንችና ሥጋ አንድ ላይ ሌሊቱን ሲበስል የሚያድር የሰንበት ምግብ ነው። መቅኒ ያለው አጥንት ከተገኘማ ሰርግና ምላሽ! እናታቸው ክዳኑን በሊጥ ትለስናለች። እሳቸው አርብ ከሰዓት ድስቱን ታቅፈው ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ያደርሳሉ። የሰፈሩ ድስት ሁሉ እዚያ ምድጃ ውስጥ ያድራል። አንድ ቅዳሜ ተሳስተው የጎረቤት ድስት ይዘው ገቡ። «የእነሱ ሥጋ ይበዛ ነበር፤ እናቴ ግን መልሽ አለችኝ» ይላሉ፣ ዛሬም ቅር እያላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1940 ጌቶው፣ ናዚዎች የከተማዋን አይሁዶች ያጎሩበት ሰፈር፣ ተዘጋ። የድንች ልጣጭ እንኳን በሐኪም ማዘዣ የሚገኝበት ጊዜ መጣ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1944 ላይ የቀሩትን ወደ አውሽቪትዝ፣ ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ፣ ጫኗቸው። ስለዚያ ብዙ አያወሩም፣ እኔም አልነካካቸውም። አንድ ነገር ብቻ ነግረውኛል፤ ማታ ማታ ሴቶቹ በአፋቸው ያበስሉ ነበር። እሳቸው የተፈጨውን ዓሣ በስኳር ነው ሲሉ፣ ከሊትዌኒያ የመጣችው በቁንዶ በርበሬ ነው እንጂ ትላለች። በባዶ ሆድ ጭቅጭቅ! የፖላንድና የሊትዌኒያ አይሁዶች ይህን ሙግት እስካሁን አልጨረሱትም።

ሌላ ጊዜ ስትሄዱ፣ እባካችሁ፣ ልጅ ሳሉ ምን ይበሉ እንደነበር ጠይቋቸው። አሠራሩንም ከነመጠኑ ጻፉት። እኔ የዓሣውን ደብተር ላይ ይዣለሁ። ስኳሩ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ግን ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸው ሁለት ዓይነት መልስ ነው የሰጡኝ።

አንባቢያችሁ፣
ከነታንያ