የተጎበጠው የመንገድ ዳር ብረት ይተካ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በተጓዝኩ ቁጥር መሀሉን የከፈለውን አካፋይ አመሰግናለሁ። ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ግን ተሳቢውን ለመቅደም ከሚወጣ አውቶብስ የሚለየን የተቀባ መስመር ብቻ ነው፤ ልጆቼን ይዤ ስሄድ እጄ መሪው ላይ ይደርቃል።

እግሩ ሰፊ፣ አናቱ ጠባብ የሆነው የኮንክሪት አካፋይ ጎማውን በትንሹ አንስቶ መኪናውን ወደ መስመሩ ይመልሳል። የመንገድ ዳር ብረት ደግሞ እየታጠፈ ግፊቱን ይውጣል። ጫፉ ሳይታጠፍ ወይም መሬት ሳይገባ ወደ መጪው መኪና ካፈጠጠ ግን እንደ ጦር ሰንጥቆ ይገባል። አንዴ የተጎበጠም ቀጣዩን መኪና ላያድን ይችላል። እባካችሁ፣ የሚመለከታቸው ክፍሎች ጫፎቹን ይመርምሩ፤ የተጎዳውንም ሌላ ሰው ሳይገጨው ይተኩ።

አንድ አሽከርካሪ፣ ከአዳማ