ጫካው ቆሞ እንዲያበላን፦ ከዘጌ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ጎህ ሲቀድ ዘጌ ዳርቻ ላይ ቆማችሁ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ብታዩ፣ ታንኳዎች በሐይቁ ላይ ተከታትለው ሲሄዱ ታያላችሁ። ከሩቅ በጣም ያምራሉ። ፎቶ የሚያነሣቸው ሰው ብዙ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን የጫኑት ማገዶ ነው። ያ ማገዶ ከጥቂት ቀን በፊት ጥላ ነበር። ከሥሩ ቡና ይበቅል ነበር።

ማገዶውን የሚጭኑትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። አብረን ነው ያደግነው። ጫካውን ጠልተው አይደለም የሚቆርጡት። ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ሲጠፋ እጅ ወደ ምሳር ይሄዳል። ዛሬ እናንተን የማስቸግራችሁም በዚሁ ጉዳይ ነው።

ገንዘብ የምንሰበስበው ሦስት ነገር ለመሥራት ነው። ጀልባ በየትኛውም ወር የሚጠጋበት የድንጋይ ወደብ፣ ከወደቡ አጠገብ ቡና የሚደርቅበት፣ የሚቆላበትና የሚሸጥበት ቤት፣ እና ለእንግዳም ለእኛም የሚሆን ንጹሕ ሽንት ቤት። ሦስቱም አንድ ሥራ ናቸው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ዘጌን ለማያውቅ፦ በጣና ደቡባዊ ምዕራብ በኩል ወደ ውሃው የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በመኪናም ይገባል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት፣ ሁሉም እዚያው ጫካ ውስጥ ናቸው። እንግዳ የሚመጣው እነሱን ለማየት ነው። የክቡ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ሲያይ አፉን ይይዛል። እውነቱን ነው። እኔ ስንቴ እንዳየሁት ባላውቅም እስካሁን ቆም ብዬ ነው የማልፈው።

ግን ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መንገድ አስቡት። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ከሥራቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ጦጣው ከላይ ይጮኻል። ፀሐይዋ በቅጠል ተሸንሽና ነው የምትደርስባችሁ። ይህ ጫካ ዝም ብሎ የቀረ ጫካ አይደለም። በአባቶች ትውፊት ቡናው የበቀለው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው። ቃል ኪዳኑም አብሮ መጣ፦ በዘጌ ምድር አይታረስም፣ ከብት አይረባም። ሞፈርና ቀንበር አልገባም ማለት ነው። ሌላው አካባቢ ጤፍና በቆሎ ሲዘራ የእኛ ሰው ከዛፍ ሥር ለቀማ ሲለቅም ኖረ። ለዚህ ነው በጣና ዙሪያ ብዙው ሲመነጠር ዘጌ አረንጓዴ ሆኖ የቆየው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣና አካባቢን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እኛ ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊትም ስንጠብቀው ነበር።

ይህ ቃል ኪዳን ግን ከባድ ነው። የሚያርስ ሰው ዝናቡ ከሰጠው እህሉን ቤቱ ያስገባል። የዘጌ ሰው እህል የሚበላው ገዝቶ ነው። ቡናው ካልተሸጠ፣ ጌሾው ዋጋ ካጣ፣ እንግዳው ከቀረ፣ ምጣዱ አይሰማም። ያኔ የቀረው ዛፉ ብቻ ነው።

እንግዳው ደግሞ ቀረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ። ጥቅምት 2013 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጀልባ ልጆች ሞተራቸውን ሸጡ። አስጎብኚዎቹ ቀን ሥራ ፍለጋ ወጡ። ከመንገዱ ዳር በፍየል ቆዳ ላይ ሥዕል የሚሸጡት፣ ትንንሽ ታንኳ እየሠሩ የሚያቀርቡት ልጆች ጠፉ። እናቴ በዚያ መንገድ ዳር ቡና አፍልታ ነው ደብተር የገዛችልኝ። ዛሬ በዚያ ቦታ ረከቦት የለም። ጉቶ ነው ያለው።

አንዳንድ ሰው «እንግዳ በሌለበት ወደብ ምን ያደርጋል?» ይለኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሴ ይኸው ነው፦ ወደቡን በዋናነት የምንገነባው ለሩቅ አገር እንግዳ አይደለም። ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ የካቲት 16 የሚመጣው ምእመን አለ። ገበያ የምትወጣ እናት አለች። ምጥ የያዛት አለች። ቡናችን ራሱ በዚሁ ነው የሚወጣው። እንግዳው ሰላም ሲሆን ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ጫካው ካልጠበቀው የሚያየው ነገር ግማሽ ነው።

አሁን ስለ ወደቡ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ላርዝም። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። በጣም በሚጠልቅበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ሲወርድ ብዙ ርቀት ይሸሻል። በአንድ ዓመት ውስጥ በመስከረም ከፍታውና በሰኔ ዝቅታው መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በዚያ ላይ በ1988 ዓ.ም. ገደማ በዓባይ መውጫ ላይ የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በግንቦት 2002 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ውሃውን የሚወስደው ከሐይቁ ነው። መብራቱ ለአገር ነው፣ አልቃወምም። ግን የሐይቁ ከፍታ የሚወሰነው በዝናብ ብቻ መሆኑ ቀረ። በ1995 ሐይቁ እጅግ ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች ቆመው እንደነበር የዕድሜ እኩዮቼ ያስታውሳሉ።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? ከጥር በኋላ ጀልባው ወደቡ ጋ አይደርስም። ሰው ጭቃ ውስጥ ይወርዳል። ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጠ ይሻገራል። እናቴን ለንግሥ ስወስዳት በጀርባዬ አዝዬ ነው ያወረድኳት። ከኋላችን የነበሩት አንዲት እማማ ግን የሚያዝላቸው አልነበረም፤ ወደቁ። ነጠላቸው በጭቃ ተነክሮ ቤተ ክርስቲያን መግባት አፍረው ከደጅ ቆመው አስቀደሱ። ያ ቀን ከዓይኔ አይጠፋም።

ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት መጥቶ የእንጨት መሸጋገሪያ ሠርቶልን ነበር። በባሕር ዛፍ። በመስከረም መጥተው ለኩ፣ ውሃው ሙሉ በሆነበት ጊዜ። በጋ ላይ የት እንደሚደርስ የጠየቀን የለም። በሚያዝያ መሸጋገሪያው ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያም በሰበሰና ማገዶ ሆነ።

ስለዚህ አሁን የምንሠራው ደረጃ ነው። ጥቁር ድንጋይ በሲሚንቶ ተያይዞ፣ ከዳርቻው ጀምሮ በሰኔ ውሃው እስከሚደርስበት ድረስ የሚወርድ ሰፊ ደረጃ። ውሃው ሲሞላ ጀልባው የላይኛው ደረጃ ላይ ይጠጋል። ሲጎድል የታችኛው ላይ። የሚሰበር፣ የሚበሰብስ ነገር የለውም። ሐሳቡ የሽማግሌዎቻችን ነው። ልኩንና ስሌቱን አንድ የመንደራችን ልጅ መሐንዲስ በነጻ ሠርቶልናል። ከጎኑ ለታንኳ የሚሆን ለስላሳ ዳርቻ እንዲቀር አድርገናል። ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው፤ ድንጋይ ላይ ከጎተቱት ይቦጨቃል። ጥበቡ የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ነው። የሚነግዱትን ትንንሽ ታንኳና ሰፌድ በቡና ቤታችን እንዲያቀርቡ ቦታ ይኖራቸዋል።

«ቡና ቤት» ስል መጠጥ የሚሸጥበት ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የቡናው ቤት ነው። የዘጌ ቡና ዛሬም በአብዛኛው መሬት ላይ ነው የሚሰጣው። ዝናብ ካካፋበት ይሻግታል፣ አፈር አፈር ይላል። ያልቀላውም ከቀላው ጋር ተደባልቆ ይረግፋል፤ ጠግቦ ያላደረ ሰው ቡናው ዛፍ ላይ እስኪቀላ አይጠብቅማ። ከዚያ ጀንፈሉ በርካሽ ይሸጣል። ከመሬት ከፍ ያሉ በሽቦ ወንፊት የተሠሩ የማድረቂያ አልጋዎች ካሉን ቡናው በንጽሕና ይደርቃል። ተቆልቶና ታሽጎ ስሙ ተጽፎበት ሲሸጥ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ እንኳ «የዘጌ ቡና» ብሎ አምኖ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። የጎደለው አቅራቢ ነው። ዛፉ ቆሞ ከሚያስገኘው ቡና ቤተሰብ መኖር ከቻለ፣ ምሳር የሚያነሣ አይኖርም። ይህን የምለው ሰዎቹን ስለማውቃቸው ነው።

ሽንት ቤቱን በአጭሩ፦ ሕዝባችን አሁንም የሐይቁን ውሃ ይጠቀማል። ንግሥ ሲሆን የሚመጣው ሰው ብዛት ደግሞ ይታወቃል። ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ይሠራል።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሥዕሎቹንና ቅርሶቹን አንነካም። የዚያ ጥገና የባለሙያና የቤተ ክህነት ሥራ ነው። ለዚያ ብሎ በእኛ ስም ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትስጡ። የእምቦጭ ዘመቻም ሌላ ነው። እኛ የጠየቅነው በእጃችን ሠርተን መጨረስ የምንችለውን ብቻ ነው።

የእኛስ ድርሻ? ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ጉልበቱ ከእኛ ነው። እድሩ በየቤቱ የሥራ ቀን ደልድሏል። ሴቶቹ ምግቡን ይዘዋል። ለቡናው ቤት የሚሆነውን መሬት አንድ አባት ከጓሯቸው ቆርሰው ሰጥተውናል። የጎደለን ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ የወንፊት ሽቦና መቁያ ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በዕቃ ነው የምንቆጥረው። የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ዋጋ የምትችሉ አንድ ከረጢት ስጡን። አንድ ቆርቆሮ የምትችሉ ቆርቆሮ። አንድ ኪሎ ሚስማርም ተጽፎ ይያዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል እኛ አገር ተረት ብቻ አይደለም። ሎሚ ተሸክመን ገበያ ስለምንሄድ ክብደቱን እናውቀዋለን።

ገንዘቡን የያዘው ኮሚቴ ውስጥ ከእድሩ፣ ከሰበካ ጉባኤው፣ ከጀልባ ልጆችና ከቡና ሻጭ እናቶች የተመረጡ ሰዎች አሉ። ከባንክ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ደረሰኙ ሁሉ በየወሩ ወደቡ ላይ ይለጠፋል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ይነበባል። የባንክ ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ሰው ቁጥር እየለወጠ ጽሑፍ ሲያሰራጭ አይተናል። የዘጌ ሰው የምታውቁ በእሱ በኩል ጠይቁ፤ የማታውቁ መጥታችሁ ከኮሚቴው በአካል ውሰዱ። በውጭ አገር ያላችሁ የአካባቢያችን ልጆች ደግሞ ከመካከላችሁ አንድ ሰው መርጣችሁ በእሱ ስም ብትልኩ ይቀለናል፤ ደረሰኙም ለአንድ ሰው ይላካል። ባንድ ወቅት በጉብኝት መጥታችሁ በዚያ መንገድ ላይ ቡና የጠጣችሁም አላችሁ። ሲኒዋን የሰጠቻችሁ ሴት ምናልባት እናቴ ናት።

ጊዜው አጭር ነው። የታችኛው ደረጃ መሠረት የሚጣለው ሐይቁ ሲሸሽ ብቻ ነው። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ ከዚያ ክረምቱ ይገባል። ያ ካመለጠን አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶውና ብረቱ እስከ መጋቢት መጨረሻ ባሕር ዳር መድረስ አለበት። ከዚያ በጀልባ እናሻግረዋለን።

ገንዘብ የሌላችሁ፣ ግን ባሕር ዳር ያላችሁና ጉልበት ያላችሁ ወጣቶች፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ ኑ። ከጀልባ አውርዶ እስከ ቦታው የሚሸከም ሰው ያስፈልገናል። ምሳ ከእኛ ነው፤ ቡናውም።