ቁልፉን ለወንድሜ ይስጡልኝ

ባሕር ዳር፣ የካቲት 18 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደብዳቤውን የሚያነብልዎት የወንድሜ ልጅ ስለሆነ ፊደሉን ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ከታች ያሰመርሁበትን ግን ሰው በሌለበት ብቻ እንዲያነብልዎት አደራ ብዬዋለሁ።

ትንሿ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ እዚህ ፎቅ ላይ የሚወረወርበት ጣሪያ የለም ብላ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ታላቅየው ደግሞ ስለ ቆጋ ግድብ ጻፍ ተብሎ፣ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚይዝና 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ መታቀዱን ገልብጦ አመጣ። ያ ሁሉ ውሃ በእናትህ አገር ጫፍ ሲደርስ ከአካፋ ስፋት አይበልጥም ብለህ ጨምር አልሁት፤ ጨመረበት፤ መምህሩ «ምንጩ የት አለ?» ብሎ በቀይ መለሰለት።

ቦይ ውስጥ መውደቅዎን ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አይጠይቁኝ። ማለዳ የቦዩን መዝጊያ በቁልፍዎ ከፍተው ሲመለሱ፣ መሻገሪያው ግንድ መስሎዎት የረገጡት የባሕር ዛፉን ጥላ እንደነበረና፣ አካፋዎን ሳይለቁ እስከ ወገብዎ ውሃ ውስጥ ቆመው እንደተገኙ ሲነገረኝ ሳቅሁ፤ ሳቄን ግን አልጨረስሁትም። ዋናው ቦይ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ልጽፈው አልችልም።

በጥቅምት ያየዎት ሐኪም የዓይንዎ ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ መሆኑን፣ አንዱ ዓይን ተሠርቶ በዚያው ቀን መመለስ እንደሚቻል ፊት ለፊትዎ ነግሮናል። እርስዎ ግን መጀመሪያ ዳጉሳው ይሰብሰብ አሉ፤ ዳጉሳው ጎተራ ሲገባ ደግሞ የመስኖው ስንዴ ውሃ ይጥገብ አሉ።

ያሰመርሁበት ከዚህ ይጀምራል። በ2004 ዓ.ም. ውሃው ወደ እኛ ዘንድ በደረሰ ሰሞን፣ እርስዎ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ሆነው ከተመረጡ ገና ሁለት ወር ሳይሞላዎት፣ እማዬ በቃሬዛ ወደ መራዊ የተወሰደችበትን ቀን ያስታውሱታል። ጎረቤት ቃሬዛውን ሲያነሣ ወደ መዝጊያው ሮጬ ብጠራዎት፣ «ቁልፉን ጥዬ ብሄድ የላይኞቹ ውሃውን ያስቀሩታል፤ የታችኞቹ ተራቸው ያልፍባቸዋል» ብለው አካፋዎን እንኳ ሳያስቀምጡ መለሱኝ። ማታ ሲደርሱ እስከ ጉልበትዎ ጭቃ ነበሩ፤ ስም ሳይወጣለት የቀረው ወንድሜም በዚያን ሰዓት ተጠቅልሎ ነበር። እማዬ ይቅር ብላዎታለች፤ እንዲያውም ተራ የማያዛባ ሰው መሆንዎን ለሰው ስታወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አገር ሁሉ ፍርድ አዋቂ ሲልዎት፣ ከታችኞቹ ሁሉ በታች የነበረችው እናቴ ነበረች እያልሁ በሆዴ ይዤው ኖርሁ። የተማርሁት በዚያው ውሃ በበቀለ ድንች መሆኑንም አልካድሁም፤ ሁለቱም ልክ ነው።

ልወቅስዎት ስነሣ ግን የራሴ ነገር ይመጣብኛል። የቆጋ ውሃ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ይደርሳል፤ እኔ ጣና ዳር ተቀምጬ፣ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚሆን መንገድ፣ ሥራው ሲቀልልኝ እመጣለሁ እያልሁ አራት ወር አሳለፍሁ። «ቁልፉን ጥዬ» ያሉት ዓይነት መልስ ከእኔም አፍ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ።

አሁን ልጁ እማዬ ባለችበት ማንበብ ይችላል። ቀጠሮ አስይዣለሁ፤ መጋቢት 9 ቀን ነው። በዋዜማው ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ እንጂ ብቻዎን በሚኒባስ እንዳይነሡ። ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አቧራና የቦይ ውሃ ዓይንዎን እንዳይነካ፣ ጎንበስ ብለውም እንዳይሠሩ ስለሚያስፈልግ፣ እኛ ዘንድ ይሰነብታሉ። ወንድሜ ተራ ያዛባል ብለው እንደሚሰጉ አውቃለሁ፤ ሰውየው ገር ነው፣ የላይኞቹ ጮኸው ሊያሸንፉት ይችላሉ። ስለዚህ የማን ተራ በየትኛው ቀን እንደሚውል እርስዎ ይንገሩትና፣ ይህን የሚያነብልዎት ልጅ በደብተሩ ይጻፈው፤ የታችኞቹም ስም መጀመሪያ ይጻፍ። ከዚያ ቁልፉን ለወንድሜ ይስጡልኝ።

ጥርሷን ይዤው እመጣለሁ። የሣር ክዳን ባይሆንም በቆርቆሮውም ይሆናል ብላለች።

አክባሪ ልጅዎ