ስለ መስፍኑ ስትጽፉ ሜሪን ረሳችኋት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ወጣት ቢሊየነሮች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ እንግሊዛዊው ሂዩ ግሮቭነር «በቤትና መሬት ንግድ የበለጸገ» ተብሎ አየሁት። ሳቄ መጣ። (በነገራችን ላይ ስሙን «ግሮስቨነር» ብላችኋል። «ስ»ዋ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። እኔም ለንደን የመጣሁ ሰሞን እንደናንተ እያልኩ ሰው አስቄያለሁ።)

ልጁ ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፣ ተቀጥሮም ሠርቷል። ሀብቱ የመጣው ግን በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) አባቱ በድንገት ሲያርፉ ነው። ያኔ 25 ዓመቱ ነበር። የዌስትሚኒስተር 7ኛው መስፍን ሆነ። ዛሬ የቤተሰቡ ሀብት ወደ 10 ቢሊዮን ፓውንድ ይገመታል።

አባትየው በአንድ ወቅት ለጀማሪ ነጋዴዎች ምን እንደሚመክሩ ቢጠየቁ፣ የድል አድራጊው ንጉሥ ዊሊያም የልብ ወዳጅ የነበረ ቅድመ አያት ቢኖራቸው ጥሩ ነው ብለው ነበር። እንግሊዝን በ1066 የያዘው ዊሊያም ማለታቸው ነው። ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን እሳቸውም ዋናዋን ሰው ዘለሏት።

ዋናዋ ሜሪ ዴቪስ ናት። በ1665 ለንደንን የጨረሰው ወረርሽኝ አባቷን ሲገድል ገና የወራት ሕፃን ነበረች። ያኔ ከከተማው ውጪ የነበረ 200 ሄክታር ያህል መሬት ወረሰች። ገሚሱ ረግረግ፣ ገሚሱ የከብት ግጦሽ። በ1677 ሰር ቶማስ ግሮቭነር አገባት። እሱ 21 ዓመቱ፣ እሷ 12። ልድገመው፣ 12። ባሏ ከሞተ በኋላ አእምሮዋ ታወከ፤ በ1705 በይፋ እብድ ናት ተባለች። ያ ረግረግ ግን ዛሬ ሜይፌርና ቤልግሬቪያ የሚባሉት ሰፈሮች ናቸው።

ለሥራ የምወርደው ቦንድ ስትሪት ጣቢያ ነው። አንዱ መውጫ ዴቪስ ስትሪት ላይ ይጥላል። በእሷ ስም የተሰየመ መንገድ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችውን ነጭ ታፔላ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። እኔም ታሪኩን እስክሰማ ድረስ ስንት ዓመት በሥሯ አልፌያለሁ።

ሊዝ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ፣ እዚህ አከራዩ መንግሥት ሳይሆን አንድ ቤተሰብ መሆኑ ነው። ቤልግሬቪያ ውስጥ በሚሊዮኖች ፓውንድ ቤት ገዛሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የገዛው ዓመታትን ነው። በ1967 ፓርላማው አንዳንድ ባለ ሊዞች መሬቱን ጭምር እንዲገዙ ፈቀደ። የቤተሰቡ ንብረት ጠባቂዎች ስትራስቡርግ እስካለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ፤ በ1986 ተረቱ። መብቱ በ1993 ሲሰፋ ደግሞ የሂዩ አባት አኩርፈው ከወግ አጥባቂ ፓርቲው ወጡ።

የግብሩ ነገር ራሱን የቻለ ወግ ነው። 4ኛው መስፍን በ1967 በካንሰር ሞቱ። ቤተሰቡ ግን በ1944 ጦር ሜዳ ላይ የደረሰባቸው ቁስል ለሞታቸው አስተዋጽኦ አድርጓል ብሎ ተከራከረ። በጦርነት ቁስል የሞተ ሰው ውርስ ከግብር ነጻ ነበርና። በ1979 ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። እንዲህ ያለ ጠበቃ ለሁላችንም ይስጠን! የአሁኑ ሀብት ደግሞ አብዛኛው ንብረቱን ለቤተሰቡ በሚይዙ የአደራ ተቋማት (ትረስት) ሥር ስለሆነ፣ 40 በመቶ የሚሆነው የውርስ ግብር እንደ ማንኛውም ሰው ውርስ አላረፈበትም።

ሂዩ ደግ ነገርም አለው፤ በኮቪድ ጊዜ 12.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥቷል። በ2024 ቼስተር ካቴድራል ውስጥ ሲያገባ ለከተማው ሰው አይስክሬም በነጻ አስበልቷል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሂዩ ሦስተኛ ልጅ ነው። ታማራና ኤድዊና የሚባሉ ሁለት ታላላቅ እህቶች አሉት። ኤድዊና ለእስረኞች አያያዝ መሻሻል ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ማዕረጉ በወንድ ብቻ ስለሚወርድ ሁለቱንም አልፏቸው ሄደ። በ2013 የዘውዱ ሕግ ተለውጦ፣ ንጉሣዊ ቤተሰብ ውስጥ ታናሽ ወንድም ታላቅ እህቱን መቅደሙ ቀረ። የመኳንንቱን ግን ማንም አልነካውም።

በ2025 ሐምሌ ሂዩ የመጀመሪያ ልጁን አገኘ። ሴት ናት፣ ኮሲማ ትባላለች። ወንድም ካልተወለደላት መስፍንነቱ አባቷ ላይ ያበቃል። መሬቱ የመጣው በሴት ልጅ በሆነበት ቤት!

እርማት የምታወጡ ከሆነ ስሙን ብቻ አታስተካክሉ። ሜሪንም በአንድ መስመር ጨምሩልኝ።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከለንደን