ቅናሽ ሲሉሽ ቶሎ አትደሰቺ

ሆዴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አዳማ ሙቀቷን ጀምራለች። መብራት ካለ ሱቅ ውስጥ ቬንትሌተር ሥር እውላለሁ፤ ከሌለ በካርቶን እያራገብኩ። ወንድምሽ ሰላም በያት ብሎኛል። ከሰላምታው ጀርባ ጥያቄ አለ፣ እደርስበታለሁ።

ባለፈው ከጀርመን ስትደውዪ ሁለት ነገር ነገርሽኝ። አንዱን በደስታ፣ አንዱን እንደዋዛ። በደስታ የነገርሽኝ የጆሮ ማዳመጫሽን ነው። «እማ፣ በተማሪ ቅናሽ ነው የገዛሁት፣ 30 በመቶ ቀነሱልኝ» አልሽ። እንደዋዛ ያነሳሽው ደግሞ ፍራንክፈርት ካሉት ዘመዶቻችን ጋር ሙዚየም ገብተሽ ሙሉ ዋጋ መክፈልሽን ነው። እነሱ ፊት መታወቂያ አውጥቼ «ለተማሪ ስንት ነው?» ማለት ከበደኝ አልሽ። የዚያን ዕለት ዝም ያልኩት ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ሲነገር ቁጣ ይመስላል። አልተቆጣሁም። ግን ነገሩን ገልብጠሽ ይዘሽዋል። መጠርጠር በነበረብሽ ቦታ ተደስተሽ፣ ደረትሽን ነፍተሽ መጠየቅ በነበረብሽ ቦታ አፈርሽ።

አንቺ ያደግሽው ደብተርና እስክሪብቶ በሚሸጥበት ቤት ነው። ነሐሴ ሲያልቅ በራችን ላይ የምንለጥፈውን ወረቀት መቼም አትረሺውም፤ ጽሑፍሽ ያምራል እየተባለ አንቺው ነበርሽ የምትጽፊው። «ለተማሪዎች ታላቅ ቅናሽ!» ቅናሹ ምን ላይ እንደነበር አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ደብተር ላይ ብቻ ነው። የደርዘን ደብተር ዋጋ እያንዳንዷ እናት በቃሏ ታውቃለች። ከእኛ ሱቅ ወጥታ ማዶ ትጠይቃለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። ስለዚህ ደብተሩን በመጣበት ዋጋ፣ ወይ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርገን እንለቀዋለን። የቦርሳ ዋጋ ግን በቃሉ የሚይዝ ሰው የለም። ቦርሳው፣ ኮዳው፣ የምሳ ዕቃው፣ ሥዕል ያለበት የእርሳስ መያዣው ከደብተሩ አጠገብ በልጅ ቁመት ልክ ይሰቀላል። እናትየው ደብተር ብላ ትገባለች፤ ልጁ ቦርሳው ላይ ተንጠልጥሎ አልለቅም ይላል። መስከረምን የምንሻገረው በቦርሳው ነው። ይሄ ሌብነት አይደለም፣ ንግድ ነው። ደብተራቸውን ብቻ ገዝተው፣ የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ ቀና ሳይሉ የሚወጡ እናቶች ነበሩ። ምንም ባይጠቅሙኝም አከብራቸዋለሁ።

እዚያም ያው ነው። የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጠው ኩባንያ የተማሪ ኑሮ አንጀቱን በልቶት አይደለም ዋጋ የሚቀንስልሽ። ተማሪ በሙሉ ዋጋ እንደማይገዛ ያውቃል። ለሁሉም ዋጋ ቢያወርድ ደመወዝተኛው ሳያስፈልገው ይጠቀማል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይልሽን ጠይቆ፣ ተማሪ መሆንሽን አረጋግጦ፣ ለአንቺ ብቻ ይቀንሳል። አንቺን ያገኛል፣ ሌላው ሰው እንደ ልማዱ ሙሉውን ይከፍላል። ነገ ተመርቀሽ ደመወዝ ስትይዢ ደግሞ እጅሽ የለመደው የእሱን ዕቃ ነው። ብልህ ነጋዴ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅናሹ ባይኖር ኖሮ ያንን የጆሮ ማዳመጫ ልትገዢው አስበሽ ነበር? አስበሽ ከነበረ እሰየው፣ አተረፍሽ። ካላሰብሽ ግን 30 በመቶ አልቆጠብሽም፤ 70 በመቶውን አወጣሽ። የድሮው ማዳመጫሽ ባንድ ጆሮ ብቻ እንደሚሰማ ነግረሽኝ ስለነበር ለዛሬው ይሁን ብያለሁ።

ከዚህ የባሰው በየወሩ የሚቆርጠው ዓይነት ነው። የሙዚቃው፣ የፊልሙ፣ የዕቃ ማድረሻው። መጀመሪያ በነፃ ያስቀምሱሻል፣ ግን የባንክ ካርድሽን ቁጥር አስቀድመው ይይዛሉ። ነፃው ሲያልቅ ማንም አንኳኩቶ አይነግርሽም፣ መቁረጥ ይጀምራል። የተማሪ ዋጋውም ዕድሜ ልክ አይደለም። ስፖቲፋይ ለምሳሌ በየዓመቱ ተማሪነትሽን እያረጋገጠ ቢበዛ ለአራት ዓመት ነው የሚሰጠው፣ ከዚያ ወደ ሙሉ ዋጋ ይወስድሻል። ሙዚቃሽን ተይ አልልሽም፣ ያለ ሙዚቃ እንደማታጠኚ አውቃለሁ። አንዱን ያዢ፣ ሌላውን ሰርዢ። ነፃ ሙከራ የጀመርሽ ዕለት የሚያልቅበትን ቀን ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪለት።

አሁን ወዳፈርሽበት ልምጣ።

የዩኒቨርሲቲው ካፌ፣ ሜንዛ የምትሉት፣ ለተማሪ፣ ለሠራተኛና ለእንግዳ የተለያየ ዋጋ እንዳለው አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ሰሃኑ አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ዋጋው እንደ መታወቂያሽ። ይሄ እንደ ጆሮ ማዳመጫው ማጥመጃ አይደለም። መንግሥት ይደጉመዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሴሚስተር በገባ ቁጥር የምትከፍይው መዋጮ ውስጥ ለተማሪዎች አገልግሎት ድርጅቱ የሚሄድ ብር አለ። ከፍለሽበታል ማለት ነው! ከፍለሽበት ሳትበዪ ውጪ ሳንድዊች የገዛሽ ቀን ምሳሽን ሁለቴ ከፈልሽ። የስፖርቱም ነገር እንደዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲው በትንሽ ክፍያ የሚያሠራው ስፖርት እያለ ከተማ ውስጥ የጂም ውል የምትፈርሚበት ምክንያት አይታየኝም።

የኮምፒውተር ፕሮግራምም ሳትገዢ በፊት ዩኒቨርሲቲውን ጠይቂ። ወርዱንና ኤክሴሉን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪ ኢሜይል በነፃ ይሰጣሉ። መጽሐፉም ቤተ መጻሕፍት አለልሽ።

ትራንስፖርቱን በደንብ ላንሳው፣ ምክንያቱም ትልቁ ገንዘብ እሱ ላይ ነው። የሴሚስተር ትኬትሽ በመላው ጀርመን በአውቶቡስ፣ በትራምና በክልል ባቡር ያስኬዳል ብለሽኛል። ያ ትኬት ለሌላው ሕዝብ በፈረንጆች ግንቦት 2023 ሲጀመር በወር 49 ዩሮ ነበር፣ በ2025 58 ሆነ፣ በ2026 ደግሞ 63። የተማሪው የዚያ 60 በመቶ ነው፤ ከ63ቱ ስታሰዪው 38 ዩሮ አይሞላም። ታዲያ ለገና ፍራንክፈርት የሄድሽው በምንድን ነው? በፈጣኑ ባቡር፣ ሌላ ትኬት ቆርጠሽ። ትኬትሽ ፈጣኖቹን አይጨምርም፣ ገባኝ። የክልሉ ባቡር ግን በነፃ ይወስድሽ ነበር። ሁለት ቦታ ትቀይሪያለሽ፣ ጊዜውም ይረዝማል። ይርዘም፤ መጽሐፍሽን ይዘሽ ግቢ። እኛ በልጅነታችን ከናዝሬት አዲስ አበባ ለመድረስ ግማሽ ቀን እናቃጥል ነበር፣ አሁን የክፍያ መንገዱ መጥቶ ሰዉ ሁሉ ቸኳይ ሆነ።

የግድ በፈጣኑ መሄድ ካለብሽ አስቀድመሽ ቁረጪ፣ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይንራል። ደግሞ 27 ዓመት ላልሞላው ሰው የባቡር ድርጅቱ 25 በመቶ የሚቀንስ ካርድ አለው። ይሄኛው ተማሪነትሽን አይጠይቅም፣ ዕድሜሽን ነው። በዓመት ምን ያህል እንደምትጓዢ አስልተሽ የካርዱን ዋጋ የሚመልስ ከሆነ ብቻ ውሰጂው። ካልሰረዝሽው ራሱን እንደሚያድስ ግን አትርሺ።

ቤት ስትገቢ የመጣብሽ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ደብዳቤ ምን ደረሰ? ቴሌቪዥን የለኝም ብለሽ ወረቀቱን ጥለሽው እንዳይሆን። እዚያ አገር ክፍያው ለቤቱ ነው፣ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረም፣ በወር 18.36 ዩሮ። ዋናው ነገር አንድ ቤት አንዴ ብቻ ነው የሚከፍለው። አራት ሆናችሁ አንድ ቤት የምትጋሩ ከሆነ ለእያንዳንዳችሁ 4.59 ነው የሚደርሰው። ከመካከላችሁ የሚከፍል ልጅ ካለ የክፍያ ቁጥሩን ተቀብለሽ ለደብዳቤው መልስ ስጪ። ዝም ካልሽ እየተጠራቀመ ቅጣት ጨምሮ ይመጣል። ይሄ ቅናሽ ተብሎ የትም አልተጻፈም፣ ግን ከማዳመጫሽ ቅናሽ በላይ ያተርፍልሻል።

ይሉኝታሽን አውቀዋለሁ፣ ከእኔው የወረስሽው ነው። እዚህ ባጃጅ ውስጥ የተማሪ መታወቂያ ብታወጪ ሹፌሩ ይስቅብሻል። ዋጋ መከራከር ግን እንደ ነውር አይቆጠርም፤ እንዲያውም ሳትከራከሪ ከከፈልሽ ነው የሚታዘቡሽ። እዚያ ክርክር የለም። ዋጋው በሩ ላይ ተለጥፏል፣ የአንቺም ለብቻው ተጽፏል። ቲኬት ቆራጯ በቀን ስንት መታወቂያ ታያለች! ያለሽ ሥራ ካርዱን ማሳየት ብቻ ነው። ዘመዶቻችንም ቢሆኑ አይታዘቡሽም፤ እነሱ ራሳቸው እዚያ አገር ሲገቡ ሳንቲም እየቆጠሩ ነው የኖሩት። መጠየቅ ከከበደሽ መታወቂያውን ከስልክሽ ጀርባ አድርጊው፣ ስልክሽን ስታወጪ አብሮ ይታያል። ወደ ሌላ አገር ስትሄጂ ደግሞ የጀርመንኛው ካርድ ላይገባቸው ስለሚችል ዓለም አቀፉን የተማሪ መታወቂያ፣ አይሲክ የሚባለውን ያዢ። ካልሄድሽ ግን አትግዢው።

አሁን ወንድምሽ። ላፕቶፕ በተማሪ ዋጋ ገዝታ ትላክልኝ ይላል። የአክስትሽም ልጅ ስልክ ብሏል። የሰፈሩ ሰው ከሰማ ደግሞ አያልቅም። አይሆንም በዪ። ቅናሹ በአንቺ ስም ነው፣ ለአንቺ ትምህርት ነው፣ ብዙዎቹም በዓመት የሚገዛውን ብዛት ይወስናሉ። የሚላከው ዕቃ ደግሞ ቦሌ ሲደርስ ቀረጥ አለበት፣ ቅናሹን እዚያው ይበላዋል። እምቢ ማለት ከከበደሽ «እናቴ ከለከለችኝ» በዪ። እኔን ይጥሉኝ፣ ችግር የለም፣ ለምጄዋለሁ።

ትኬትሽንም ለማንም እንዳታውሺ፣ ጓደኛም ትሁን። ስምሽ ያለበት ነው። ያለ ትኬት የተያዘ ሰው 60 ዩሮ እንደሚቀጣ ታውቂያለሽ፤ የሰው ትኬት ይዞ መገኘት ደግሞ እንደ ማጭበርበር ይታያል። ቪዛ ይዘሽ የምትኖሪ ልጅ ነሽ፣ እንዲህ ባለ ነገር ስምሽ እንዲነሳ አልፈልግም።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ስለሳሳሁብሽ እንዳይመስልሽ። ለቪዛው በዝግ ሒሳብ ማሳየት የነበረብንን 11,904 ዩሮ እንዴት እንዳሰባሰብነው አብረሽ አይተሻል። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አባትሽ ዜና ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዩሮ ስንት ገባ የሚለውን ነው። ከዚያ ዝግ ሒሳብ በየወሩ የሚለቀቅልሽ 992 ዩሮ ነው፤ ኪራዩና የጤና ኢንሹራንሱ ሲነሳለት የሚቀረውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ግን እየራበሽ ቆጥቢ አላልኩም። ብርድ ልብሱን ጥሩውን ግዢ፣ ጫማውንም። እዚያ ላይ ከመጣሽ ያገለገለ የሚሸጥበትም ቦታ ሞልቷል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር መዋጮ የሚመጣውን ወረቀት ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ስንቱ ለትራንስፖርት፣ ስንቱ ለካፌው እንደሆነ ተዘርዝሮ ከሆነ ወንድምሽ ይተረጉምልኛል። ምን እንደከፈልን አይቼ የቀረሽ ነገር ካለ እነግርሻለሁ።

በወሩ መጨረሻ ወደ ፍራንክፈርት የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ እልካለሁ። ቋንጣና ቅቤ እንዳትጠይቂኝ፣ ሥጋና የወተት ነገር በመንገደኛ ሻንጣ ወደዚያ አይገባም፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱበታል። ሰውየው የሚይዝልኝ አምስት ኪሎ ብቻ ነው። ሽሮው ይብዛ ወይስ በርበሬው? እስከ ቅዳሜ ንገሪኝ፣ ማስፈጨት አለብኝ።

እናትሽ
አዳማ