የተጎዳ ሳንቲም ሁሉ የማተሚያ ስህተት አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

«ስህተት ያለባቸው ሳንቲሞች» ብላችሁ፣ ሲታተሙ የተበላሹ ሳንቲሞች ውድ እንደሆኑ በጋዜጣችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ርዕሱን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። ስለ አሮጌ ገንዘባችን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ፎቶዎቹ ግን አሳሰቡኝ። ጠርዙ ጎድሎ የሚታየው ሃምሳ ሳንቲም የማተሚያ ስህተት አይመስለኝም። የሞረድ ጭረት በፎቶው ላይ እንኳ ይታያል። ከሥሩ ደግሞ ብዙ ሺህ ብር እንደሚያወጣ ተጽፏል። ይህን ያነበበ ሰው ምን እንደሚያደርግ እዚህ ጅማ እያየሁት ነው።

እኔ ብረት የምቀርጽ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ሳንቲም መሰብሰብ ደግሞ የቆየ ፍቅሬ ነው። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ እዚሁ ጅማ መርካቶ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ልጆች የሚሉት ሁሉ ተቀይሯል። የተጣመመውም፣ የተፋቀውም፣ የተበሳውም «ስህተት ነው» እየተባለ ዋጋ ይቆለልበታል። ገዝተው የተበሉ ሰዎች አውቃለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አንድ ወጣት ሁለት የ1936 ባለ አምስት ሳንቲሞች ይዞ ሱቄ መጣ። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። የንጉሡ ምስል፣ የአንበሳው ጎፈር፣ ፊደሉ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ጋሼ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሞርሳ ውስጥ አስገብተው ያጥብቁልኝ» አለኝ። ሞርሳ ብረት አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ለምን ስለው ስልኩን አወጣና «ሁለቴ የታተመ» ተብሎ ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ የቀረበ ሳንቲም አሳየኝ።

ያ በስልክ ያየሁት ሳንቲም ራሱ ሞርሳ ገብቶ የወጣ ነው። ማወቁ አይከብድም። ሁለት ሳንቲም ገጥመህ ስታጠብቅ የአንዱ ፊደል ሌላው ላይ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ፣ ተገልብጦም ይቀራል። በመስታወት እንደታየ ጽሑፍ ማለት ነው። በእውነት ሁለቴ የተመታ ሳንቲም ላይ ሁለተኛው ምስል እንደ መጀመሪያው ከፍ ብሎ የወጣ ነው፤ ፊደሉም በትክክል ይነበባል። በማተሚያ ቤትም ሳንቲም በሳንቲም ላይ ተደርቦ የተገለበጠ ምስል የሚወጣበት ጊዜ አለ። ያኔ ግን የሰረጎደው ምስል ሙሉና ጥርት ያለ ነው፤ በደህናው ምስል ላይ የተለጠፈ ጥላ አይመስልም።

ነገሩን ለመለየት ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። መጀመሪያ ከብረት ሉህ ላይ ባዶ ክብ ይቆረጣል። ቀጥሎ ዙሪያው ተጠቅልሎ ጠርዝ ያወጣል። ከዚያ ምስል በተቀረጸባቸው ሁለት ጠንካራ ብረቶች መካከል ይገባና በከባድ ኃይል ይመታል። እነዚያን ብረቶች ዳይ ይሏቸዋል። በሚመታበት ጊዜ ብረቱ ወደ ጎን እንዳይፈስ ዙሪያውን ቀለበት ይይዘዋል። እውነተኛ ስህተት ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ የተፈጠረ መሆን አለበት። ስለዚህ አንድ ሳንቲም ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ማሽኑ ይህን ማድረግ ይችላል ወይ?

የተሰነጠቀ ዳይን እንይ። የቢሮ ማኅተም ላስቲኩ ቢጎዳ ያው ጉዳት በሚመታው ወረቀት ሁሉ ላይ ይታያል። ዳይም እንደዚያው ነው። ሲሰነጠቅ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል። በቢላ ወይም በምስማር የተጫረ ግን ሰርጉዶ ይገባል፤ የተገፋው ብረትም በግራና በቀኝ ተቆልሎ ይቀራል። ከፍ ያለ መስመር ካያችሁ ተስፋ አለው፤ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ተጠራጠሩ። ጎድጎድ ያለ ሁሉ ጉዳት ነው ማለቴ አይደለም። ዳዩ ላይ ቅባት ወይም ቁራጭ ሽቦ ቀርቶ ከሆነ ምስሉ ሊደበዝዝ ወይም ሊሰረጉድ ይችላል። ያኔ ግን ተገፍቶ የተቆለለ ብረት በጎኑ አይኖርም።

አሁን ወደ ፎቶው ሃምሳ ሳንቲም ልመለስ። ጎድሎ የተወለደ ሳንቲም በእርግጥ አለ። ብረቱ ሲቆረጥ ቆራጩ አስቀድሞ በተቆረጠ ቀዳዳ ላይ ከደረበ ክቡ ጨረቃ የመሰለ ጉድለት ይዞ ይወጣል። ይህ ባዶ ክብ ጠርዝ ወደሚያወጣው ማሽን ሲገባ ጉድለቱ ባለበት በኩል የሚገፋው ነገር የለም። በዚህ ምክንያት ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ስስና ድብዝዝ ያለ ይሆናል። ጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎችም ወደ ጠርዙ ሳብ ይላሉ። እናንተ ያወጣችሁት ሳንቲም ግን ፊት ለፊቱ ያለው ጠርዝ ሙሉ ነው። ፊደሉም በቀጥታ ተቆርጧል፤ ከታተመ በኋላ የተቆረጠ ፊደል ደግሞ እንዲህ ነው የሚመስለው። የጎንዮሽ ፎቶ ብታወጡ ኖሮ ክርክሩ ያልቅ ነበር።

አንዳንዱ ማታለያ አሲድ ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡት አምስትና አሥር ሳንቲሞች ውስጣቸው ማግኔት የሚስበው ብረት ነው፤ ከላይ ነው ቢጫ የተለበጡት። ልባጡ በአሲድ ሲነሳ ሳንቲሙ ነጭ ይሆንና «የብር አምስት ሳንቲም» ተብሎ ይሸጣል። ማግኔት አስጠጉበት። ከሳበው ብር አይደለም። የ1969ኙ አምስትና አሥር ሳንቲም ደግሞ ነሐስ ነውና ማግኔት አይስበውም፤ ያም ስህተት አይደለም። በሁለት ብረት የተሠራው አንድ ብርም መሃሉ ወልቆ «ቀለበት ብቻ» እየተባለ ይዞራል። ያለ መሃል የተመታ ቢሆን ኖሮ ብረቱ ወደ ቀዳዳው ይፈስና የውስጥ ጠርዙ ይበላሽ ነበር። ንጹሕ ክብ ከሆነ ግን መሃሉ ከታተመ በኋላ በመዶሻ የወጣ ነው።

ሳይጎዱ ደግሞ ስህተት የሚባሉ አሉ። የአባ ጅፋር ዘመን የጅማው ሂርማታ ገበያ በማርትሬዛ፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ባለበት የብር ገንዘብ፣ ይሠራ ስለነበር ዛሬም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ማርትሬዛ አይጠፋም። በሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ በየአገሩ ሲታተም ዓመተ ምሕረቱ ሆን ተብሎ እንዳለ ቀረ እንጂ ማንም አልተሳሳተም። በምኒልክ ብርም አንዱ ላይ አንበሳው የቀኝ፣ ሌላው ላይ የግራ እግሩን ያነሳል። ሁለቱም የታሰቡ ናቸው። የ1936 ሃያ አምስት ሳንቲምም መጀመሪያ ክብ ነበር። ብር እየተቀባ ሃምሳ ሳንቲም እየመሰለ ስላስቸገረ ጠርዙ ሞገድ እንዲሆን ተደረገ። ክቡ ትክክለኛ ነው፤ ባለ ሞገዱም ትክክለኛ ነው።

ሚዛንም አትናቁ። ወርቅ ቤት የሚመዝን ሰው አይጠፋም። ማርትሬዛና የምኒልክ ብር 28 ግራም ገደማ ናቸው። የማተሚያ ቀለበቱ ሳይዘው የተመታ ሳንቲም ይሰፋል፤ ክብደቱ ግን አይቀንስም። በአሲድ የተበላ ደግሞ ይቀጥናል፣ ይቀልላል፣ ምስሉም በሁሉም በኩል አብሮ ይደበዝዛል። ምኑም ካልታወቀ ተመሳሳይ ደህና ሳንቲም አጠገቡ አድርጎ ማስተያየት ነው።

ለአንገት ጌጥ ሲባል የተበሳ ወይም ጆሮ የተበየደለት ማርትሬዛ ሌላ ነው። ያ የእናቶቻችን ጌጥ ነው፤ የራሱ ታሪክና የራሱ ገዢ አለው። «የማተሚያ ስህተት» ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው። ዛሬ ለዚህ ብሎ መብሳትማ ጥፋት ነው። የተበሳው አይደፈንም፤ በብየዳ ቢደፈንም ያስታውቃል።

ልጁን መለስኩት። ሳንቲሞቹን እንዳሉ እኔ እገዛቸዋለሁ ብለው አኩርፎ ሄደ። ሌላ ሞርሳ አያጣም፤ ጅማ ውስጥ የብረት ሥራ ቤት ሞልቷል። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። ሥራ የላቸውም፤ ጋዜጣው ደግሞ የተጎዳ ሳንቲም ሀብት ነው አላቸው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሃምሳ ሳንቲሙ ላይ ማረሚያ አውጡ፤ እንደ መጀመሪያው ጽሑፍ ጎልቶ ይታይ እንጂ ጥግ ላይ አይወሸቅ። ሁለተኛ፣ ወደፊት እንዲህ ያለ ሳንቲም ስታወጡ የሁለቱን ፊት፣ የጎኑንና የአንድ ደህና ሳንቲም ፎቶ አብራችሁ አውጡ፤ ክብደቱንም ጻፉ። ዋጋ የምትጠቅሱ ከሆነ በእርግጥ የተሸጠበትን እንጂ ሻጭ የጠራውን አትጻፉ። ለፎቶ የሚሆን ደህና ሳንቲም ካጣችሁ ከስብስቤ አውሳችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቶርኖ ሠራተኛ፣ ከጅማ