የምርጫ ዘፈን ሲመረጥ ግጥሙን ያነበበ አለ?

ለአዘጋጁ፣

የፖለቲከኞች የሙዚቃ ምርጫ ማንነታቸውን ያሳያል በሚል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። በእኔ እምነት የበለጠ የሚያሳየው ለመራጩ ያላቸውን ግምት ነው።

ሮናልድ ሬገን በ1984 እ.ኤ.አ. ለዳግም ምርጫ ሲወዳደሩ፣ ሃሞንተን በተባለች የኒው ጀርሲ ከተማ የዘፋኙን የብሩስ ስፕሪንግስቲንን ስም ጠርተው ዘፈኖቹ የተስፋ መልእክት እንዳላቸው ተናገሩ። በዚያ ዓመት የገነነው ዘፈኑ «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» («አሜሪካ ተወልጄ») አዝማቹ ፉከራ ይመስላል። ግጥሙ ግን ከቬትናም ተመልሶ ነዳጅ ማጣሪያው ደጅ ሥራ የተነፈገ ዘማች እሮሮ ነው። ዘፋኙም ከቀናት በኋላ ፒትስበርግ ላይ ፕሬዚዳንቱ የትኛውን አልበሙን ይወዱ እንደሆነ በነገር ወጋ አድርጎ፣ ከሥራ ስለተባረረ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ የሚተርከውን ዘፈኑን አስከተለ። አዝማቹን ብቻ የሚወስድ ፖለቲከኛ፣ ሕዝቡም ከአዝማቹ አያልፍም ብሎ ያሰበ ነው። በአንጻሩ ቢል ክሊንተን በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በቴሌቪዥን ሳክስፎን ሲነፉ ለታይታም ቢሆን ትንፋሹ የራሳቸው ነበር።

የባለቤቱ ፈቃድም ሊታይ ይገባል። ዘፋኙ ኒል ያንግ በ2020 የዶናልድ ትራምፕን የምርጫ ዘመቻ ዘፈኖቹን ያለ ፈቃዱ አሰምቷል ብሎ ከሶ ነበር፤ ክሱን በኋላ ቢተወውም። የሕጉ ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ «አይሆንም» ያለን ሰው ድምፅ ለራስ ድጋፍ ማሰማት መራጩን ያሳስታል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በመጪው የአሜሪካ ምርጫ ስለ ድጋፍ ሰልፎች ሲዘግብ፣ የተዘፈነው ግጥም ስለ ምን እንደሆነና ዘፋኙ ተስማምቶ እንደሆነ በአጭር ዓምድ ቢያሰፍርልን እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ